ከዋክብትና መጽሐፍ ቅዱስ፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ኮከብህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ጅማ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ሰው ከተሰበሰበ ብዙ ጊዜ ይነሳል። አሁን ደግሞ በቲክቶክና በቴሌግራም ጥቅስ እየተለጠፈበት ይመጣል። የዮሐንስን ራእይ ጠቅሶ ቀን ቆርጦ የሚያስፈራራ አለ። «ወንጌል ከመጻፉ በፊት በከዋክብት ተስሏል» የሚል አለ። «ክርስትና የፀሐይ አምልኮ ነው» ብሎ ልጆችን የሚያደናግርም አለ። ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ከጎረቤትና ከዘመድ የሚመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ሰማይ ማየት እወዳለሁ፤ መጽሐፉንም አምናለሁ። ሁለቱን ለማስማማት ግን ያልተጻፈ ነገር መጨመር አያስፈልግም።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አሥራ ሁለቱ ኮከቦች አሉ ወይ?

ተዘርዝረው የትም አይገኙም። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት ብሎ የሚቆጥር ምዕራፍ የለም። ቀረብ የሚለው ኢዮብ 38 ነው። እዚያ እግዚአብሔር ኢዮብን ይጠይቀዋል፦ ሰባቱን ከዋክብት ማሰር፣ ኦሪዮንን መፍታት፣ ማዛሮትን በጊዜያቸው ማውጣት፣ ድብን ከልጆቹ ጋር መምራት ትችላለህ ወይ? ብዙ ተርጓሚዎች ማዛሮት የተባሉት ፀሐይ በምታልፍበት መንገድ ላይ ያሉት አሥራ ሁለቱ ናቸው ይላሉ። ይሁን እንበል። የጥያቄው ሐሳብ ግን ግልጽ ነው። የሚያወጣቸውም የሚመራቸውም እርሱ ነው። ኢዮብ ያን ሁሉ መከራ ሲቀበል «ኮከብህን አስቆጥር» ያለው የለም።

ሌላው ቦታ ሁለተኛ ነገሥት 23 ነው። ንጉሥ ኢዮስያስ ለፀሐይ፣ ለጨረቃ፣ ለከዋክብትና ለሰማይ ሠራዊት ሁሉ የሚያጥኑትን እንዳስወገደ ይናገራል። ኢሳይያስ 47 ደግሞ የባቢሎንን ኮከብ ቆጣሪዎች «እስቲ ተነሥተው ያድኑሽ» ይላቸዋል። ነቢዩ ባቢሎንን መጥራቱ ያለ ነገር አይደለም። የፀሐይን መንገድ አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ከፍለው ለእያንዳንዱ 30 ዲግሪ የሰጡት ባቢሎናውያን ናቸው። ጊዜውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 5ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው።

ዘፍጥረት «ለምልክቶች ይሁኑ» ይል የለ? ምልክት ከሆኑ ዕጣችንን ያሳያሉ ማለት አይደለም?

ጥቅሱን እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። «ለምልክቶች ለዘመኖች ለዕለታት ለዓመታትም ይሁኑ» ይላል። ምልክትነታቸው ለጊዜ ነው፤ መዝሪያውን፣ ጾሙን፣ በዓሉን ለማወቅ። ጅማ ላይ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለረመዳን ጨረቃ ሲጠብቁ የምናየው ይህንኑ ነው፤ ጨረቃዋ ወሩ መግባቱን ትነግራቸዋለች። ኤርምያስ 10 ደግሞ አሕዛብ የሚፈሩትን የሰማይ ምልክት እናንተ አትፍሩ ይላል። ሰማይ ሰዓት ነው። ሰዓት ቀኑ መድረሱን ይናገራል እንጂ በቀኑ የሚሆነውን አይወስንም።

በስሜና በእናቴ ስም የተቆጠረልኝ ኮከብስ?

አሠራሩን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። የስምህና የእናትህ ስም ፊደላት እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ ይደመራል፤ ለ12 ይካፈላል፤ የሚተርፈው «ኮከብህ» ይባላል። አውደ ነገሥት የሚባለው መጽሐፍ የሚታወቀው በዚህ ነው።

እዚህ ውስጥ ሰማይ የት አለ? ቀና ብሎ ያየ ሰው የለም። የተወለድክበት ቀን እንኳን አልተጠየቀም። ማካፈል ብቻ ነው። በዚያ ላይ አብዛኞቻችን ሁለት ስም አለን። በቤት ስም ሲቆጠር አቅራብ የሆነ ሰው በክርስትና ስሙ ሲቆጠር ሚዛን ሊሆን ይችላል። የትኛው ነው እውነተኛው? ወንድማማቾች የእናታቸው ስም አንድ ነው፤ የስማቸው ፊደላት ድምር ከገጠመ ኮከባቸውም አንድ ይሆናል፤ ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ ይህን መከራከሪያ በያዕቆብና በኤሳው አሳይቷል። በአንድ ማሕፀን አድረው፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ ይዞ ተወለዱ፤ ሕይወታቸው ግን ፈጽሞ አልተመሳሰለም።

«ኮከባችሁ አይገጥምም» ተባልን። ሠርጉን እናቆየው?

አታቆዩት። ተዋደው፣ ተጠናንተው፣ ሽማግሌ ልከው፣ ከዚያ በአንድ ሰው ስሌት ሲለያዩ ያየኋቸው ልጆች አሉ። ይህ ያሳዝነኛል። ለ12 ተካፍሎ የተረፈ ቁጥር የሰውን ጠባይ፣ ታማኝነትና ትዕግሥት አያውቅም። እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ከፈሩ አትቆጧቸው። እሳቸው የሚያስቡት ለእናንተ ነው። የንስሐ አባታችሁን ይዛችሁ ቤት ሂዱና ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ዘዳግም 18 ምዋርትንና ጥንቆላን አጥብቆ ሲከለክል ሰውን ከእንዲህ ዓይነት ፍርሃት ለማውጣትም ነው።

ፌስቡክ ላይ በልደት ቀን የሚወጣው «የዛሬ ኮከብዎ»ስ ሳይንስ አይደለም?

አይደለም። ሥነ ፈለክ ሌላ፣ ኮከብ ቆጠራ ሌላ። እንዲያውም ሥነ ፈለክ ኮከብ ቆጠራውን ያፈርሰዋል።

የምድር ዛቢያ በጣም በዝግታ አቅጣጫውን ይቀይራል። አንድ ዙር ለመጨረስ 26,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በዚህ ምክንያት ፀሐይ በአንድ የተወሰነ ቀን የምትታይበት ቦታ በየ72 ዓመቱ አንድ ዲግሪ ይንሸራተታል። የዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ የተቀመጠው የቀን ዝርዝር ዛሬ አንድ ክፍል ያህል ስቷል። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን የተወለደ ልጅ በዝርዝሩ ሰንቡላ ነው ይባላል። በዕለቱ ግን ፀሐይ ያለችው በአሰድ ከዋክብት መካከል ነው። በገና ዕለት የተወለደው ጀዲ ይባላል፤ ፀሐይ ግን ቀውስ ውስጥ ናት።

ክፍሎቹም እኩል አይደሉም። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የ88ቱን የከዋክብት ስብስቦች ድንበር ካሰመረ (እ.ኤ.አ. 1930 ታትሟል) ወዲህ ፀሐይ የምታልፈው በ13 ስብስቦች ውስጥ ነው። በሰንቡላ 45 ቀን ያህል ትቆያለች፤ በአቅራብ ግን አንድ ሳምንት ብቻ።

ታዲያ የእኛ ሊቃውንት ከዋክብት ሲቆጥሩ አልኖሩም?

ቆጥረዋል፤ በደንብ ነው የቆጠሩት። ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም አኩሪ የሆነውን ትምህርት ከጥንቆላው ጋር አንድ ላይ የሚጥሉ ሰዎች አሉ። ባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ አስታርቆ በዓላትን የሚያወጣ ስሌት ነው። በትውፊታችን የእስክንድርያው 12ኛው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ያዘጋጀው ነው ይባላል።

የ2018ን ፋሲካ አብረን እናውጣ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

5500 ዓመተ ፍዳ (ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት የሚቆጠረው ዘመን) ላይ 2018 ሲደመር 7518 ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንድ ይቀነሳል፤ 12 ይቀራል። ይህ ወንበር ይባላል። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ (ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣለት) 12 ይተርፋል። ይህ አበቅቴ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል። ይህ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ ተደምረው 30 መምጣት አለባቸው፤ 12 እና 18 ሠላሳ፤ ትክክል ነን። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል። መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር) 7 ነው። 18 እና 7 ሲደመር 25፤ ይህ መባጃ ሐመር ነው። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ሰኞ ይገባል። ከዚያ 69 ቀን ቆጥረን ስንሄድ ሚያዝያ 4 እሑድ ላይ እንደርሳለን። ፋሲካ።

19 ከየት መጣ? 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር በሁለት ሰዓት ገደማ ልዩነት ብቻ ይገጥማሉ። ጨረቃ በ19 ዓመት አንዴ ወደ ተመሳሳይ ቀኗ ትመለሳለች ማለት ነው። እንግዲህ ይህ እውነተኛ ሥነ ፈለክ ነው። «ማን ይከብራል፣ ማን ይሞታል» የሚል ነገር አንድም ቦታ ላይ አልገባበትም።

የአሥራ ሁለቱ ከዋክብት ስሞች በሊቃውንቱ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ገብተው የሰማይን ቦታ ለመለየት አገልግለዋል። ቦታ መለየትና ዕጣ ማውጣት የተለያዩ ናቸው።

መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ከዋክብት ብዙ አይናገርም?

ይናገራል። ከምዕራፍ 72 ጀምሮ መልአኩ ኡራኤል ለሄኖክ የብርሃናትን ሥርዓት ያሳየዋል። መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው። ፕሮቴስታንት ወንድሞቻችን አይቆጥሩትም። ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው ግእዝ ነው፤ ከሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ደግሞ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኝተዋል።

እዚያ ስድስት መስኮቶች በምሥራቅ፣ ስድስት በምዕራብ አሉ፤ ፀሐይ በእነርሱ ትወጣለች፣ ትገባለች። ይህን ለመረዳት ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ሆኖ ማለዳ ወደ ምሥራቅ ማየት ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ቀኝ፣ ወደ ደቡብ ሸሽታ ትወጣለች። በመጋቢት አጋማሽ ልክ ምሥራቅ ላይ ናት። በሰኔ ወደ ግራ፣ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ ከዚያ ትመለሳለች። ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ የምትወጣበት ቦታ 47 ዲግሪ ያህል ይራራቃል። ሄኖክ ያንን የአድማስ ቦታ ለስድስት ከፍሎ ነው የሚተርከው። አንድ ዛፍና አንድ ጣሪያ ለምልክት ይዞ በየወሩ አንድ ጠዋት ያየ ሰው ምዕራፉን ማንም ሳያብራራለት ይረዳዋል።

ሁሉም ግን ለጅማ አይሠራም። ሄኖክ ረጅሙን ቀን የሌሊቱ እጥፍ ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለ ልዩነት የሚታየው ከምድር ወገብ በጣም በራቀ አገር ነው። ጅማ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ዓመቱንም 364 ቀን ይለዋል፤ 52 ሳምንት ያለ ትርፍ። እኔ ይህን እንደ ስሕተት ለቅሜ መጽሐፉን ለመናቅ አልጠቀምበትም። መጽሐፉ የሚያስተምረው ብርሃናቱ ትእዛዝ ጠባቂዎች መሆናቸውን ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሌላ ነገር አለ። ይኸው መጽሐፍ ምዕራፍ 8 ላይ የወደቁት መላእክት ለሰዎች ካስተማሯቸው ክፉ ነገሮች መካከል ኮከብ ማየትን ይቆጥራል። የከዋክብትን ሥርዓት ከቅዱስ መልአክ፣ ጥንቆላውን ከወደቁት። አንዱ መጽሐፍ ራሱ ለየልን።

«ወንጌል በከዋክብት ተጽፏል» የሚለው ትምህርት እውነት ነው?

ከሰንቡላ (ድንግሊቱ) ተነሥቶ በአሰድ (የይሁዳ አንበሳ) የሚጨርስ፣ ከልደት እስከ ዳግም ምጽአት በአሥራ ሁለቱ ኮከቦች ተስሏል የሚል ትምህርት ነው። ጥንታዊ ይመስላል። የተስፋፋው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። እንግሊዛዊቷ ፍራንሲስ ሮልስተን ጀመረችው፤ አሜሪካዊው ሰባኪ ጆሴፍ ሳይስ እ.ኤ.አ. በ1882፣ እንግሊዛዊው ቡሊንገር በ1893 አስፋፉት። አማኞች ነበሩ፤ ክፋት አልነበራቸውም።

ችግሩ ሥዕሎቹ ናቸው። ዛሬ በግ የምንለው ሐመል በባቢሎን የቅጥር ሠራተኛ ነበር። ሰንቡላ የእርሻ ትልም ነበረች። ሚዛንን ግሪኮች የጊንጡ (የአቅራብ) ጥፍሮች አድርገው ያዩት ነበር። ቻይናውያን ደግሞ ያንኑ ሰማይ ፈጽሞ በሌላ መንገድ ከፋፍለውታል። ከአዳም የወረደ አንድ ሥዕል ቢሆን ኖሮ በዚህ መጠን ባልተለያየ።

ደጋፊዎቹ የሚጠቅሱት መዝሙር 18ን (በሌላው አቆጣጠር 19ን) ነው፦ «ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ፥ የሰማይም ጠፈር የእጁን ሥራ ያወራል።» ደስ የሚል ቃል ነው። ሰማያት ክብሩንና ሥራውን ይናገራሉ። ዳዊት ግን እዚያ አላቆመም። መሐል ላይ ሲደርስ ወደ እግዚአብሔር ሕግ ይዞራል፤ ነፍስን የሚመልስ እርሱ ነው ይላል። መዝሙሩ ራሱ ለሰማይ የሰማይን፣ ለቃሉ የቃሉን ድርሻ ሰጥቷል።

የጥንት ምኩራቦች ወለል ላይ አሥራ ሁለቱ ኮከቦች ተስለዋል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። በእስራኤል አገር በሐማት ጥብርያዶስ (4ኛው መቶ ዓመት) እና በቤት አልፋ (6ኛው መቶ ዓመት) በሞዛይክ ተሠርተው ይታያሉ። አራቱ ወቅቶችም አብረው ስላሉ ብዙ ተመራማሪዎች ከዘመን አቆጣጠር ጋር ያያይዙታል። ወለል ላይ ስለተሣለ ትምህርት ሆኗል ማለት አይደለም።

ሰብአ ሰገል ኮከብ አይተው አይደል የመጡት? እነርሱ ኮከብ ቆጣሪ ከሆኑ ለምን ይከለከላል?

በጣም የሚያከራክረው ይህ ነው።

በመጀመሪያ ኮከቡ ምን ነበር? የሥነ ፈለክ ሊቁ ዮሐንስ ኬፕለር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7 ዓመት ጁፒተርና ሳተርን በሑት ውስጥ ሦስት ጊዜ መቀራረባቸውን አስልቶ ከዚህ ጋር አያይዞታል። ሌሎች ቬነስና ጁፒተር ከልደት በፊት በ2 ዓመት እጅግ መቀራረባቸውን ያነሣሉ፤ ሄሮድስ ግን በብዙዎች ስሌት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሞቷል። ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ጁፒተርና ሳተርን አንድ ሊመስሉ ጥቂት ሲቀራቸው ያየን እናስታውሳለን። የኬፕለሩ ያን ያህል እንኳን አልተቀራረበም፤ ሁለቱ በግልጽ ተለይተው ይታዩ ነበር።

ከማቴዎስ ምዕራፍ 2 ጋር ሳስተያየው እኔን የሚያሳምነኝ የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ሐሳብ ነው። ኮከቡ ይታያል፣ ይሰወራል፣ ደግሞ ይታያል። ከኢየሩሳሌም ወደ ቤተ ልሔም ይመራል፤ ይህም ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው፤ ከዋክብት እንዲህ አይሄዱም። ሕፃኑ ካለበት ቤት በላይ መጥቶ ይቆማል። ሩቅ ያለ ኮከብ አንድን ቤት ለይቶ ማሳየት አይችልም። ስለዚህ አፈወርቅ ይህ በኮከብ አምሳል የተገለጠ ኃይል ነበር ይላል።

ወደ ጥያቄው ስንመለስ፣ ሰብአ ሰገል በኮከቡ ብቻ ኢየሩሳሌም ደረሱ እንጂ ቤተ ልሔም አልደረሱም። መንደሩን ያወቁት ከነቢዩ ሚክያስ ነው፤ ካህናቱ መጽሐፉን ገልጠው ሲያነቡ። ከዚያም ለሕፃኑ ሰገዱ። ለኮከቡ አልሰገዱም።

በስቅለት የጨለመው በፀሐይ ግርዶሽ ነው?

ሊሆን አይችልም፤ ይህን ደግሞ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሁሉ ወዲያው ያውቀዋል። የአይሁድ ፋሲካ የሚውለው ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ነው። የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በጠፍ ጊዜ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሙሉ ግርዶሽ በአንድ ቦታ ከስምንት ደቂቃ በታች ነው የሚቆየው፤ ወንጌል የሚለው ግን ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የእኛ አቆጣጠር ከወንጌሉ ጋር ስለሚገጥም ልጆች ሰዓቱን ያለ ማስተካከያ ይረዱታል፤ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት።

ጨረቃ ደም ስትመስል፣ ሴቲቱ ፀሐይን ተጐናጽፋ ስትታይ መጨረሻው ደርሷል ማለት ነው?

ራእይ 12ን ከሰንቡላ ጋር አያይዘው «መስከረም 13 ቀን 2010 ይፈጸማል» ብለው በዓለም ሁሉ ያስፈራሩ ነበሩ። ቀኑ አለፈ። ፀሐይ በየዓመቱ በሰንቡላ ታልፋለች፤ ጨረቃም በየወሩ። አባቶች ሴቲቱን እመቤታችን ወይም ቤተ ክርስቲያን ብለው ይተረጉማሉ።

ጨረቃ የምትቀላው በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ ነው። ምድር ፀሐይን ስትጋርድባት በከባቢ አየራችን ታጥፎ የሚደርሳት ቀይ ብርሃን ብቻ ስለሆነ ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ማታ ደመና ያልሸፈነበት አካባቢ የነበረ ሰው አይቶታል። ጨረቃ ወደ ደም ትለወጣለች የሚለውን የኢዩኤልን ትንቢት ደግሞ ጴጥሮስ በበዓለ ሃምሳ ተርጉሞልናል፤ የሐዋርያት ሥራ 2 ማንበብ ነው።

«ኢየሱስ ፀሐይ ነው፣ አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ኮከቦቹ ናቸው» የሚለው ቪዲዮስ?

አሥራ ሁለት ከያዕቆብ ልጆች የመጣ ነው። ጌታ ራሱ በማቴዎስ 19 በአሥራ ሁለቱ ነገድ ላይ ትፈርዳላችሁ ይላቸዋል። ቪዲዮው የሚመሠረትበት ታኅሣሥ 16 (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 25) የሚል የልደት ቀን ወንጌል ውስጥ የለም። እኛ ራሳችን በሌላ ቀን እናከብራለን።

ልጆቼን ሰማይ ላሳያቸው እፈልጋለሁ። ከጅማ ምን ይታያል?

ብዙ ነገር። ዝናቡ አቁሞ ቡናው ከተለቀመ በኋላ ያሉት የታኅሣሥና የጥር ሌሊቶች ይመረጣሉ። በገና ዋዜማ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ከመብራት ራቅ ብላችሁ ቀና በሉ። ከአናታችሁ ወደ ሰሜን ጋደል ብለው የተሰበሰቡት ትንንሾቹ ሰባቱ ከዋክብት ናቸው። አምስት ሰዓት አካባቢ ኦሪዮን አናት ላይ ይደርሳል፤ በመሐሉ በተርታ የተደረደሩት ሦስቱ ይለዩታል። ኢዮብ 38ን እዚያው አንብቡላቸው። በሚያዝያና በግንቦት ደመናው ፋታ ከሰጠ ድብ በሰሜን፣ የደቡብ መስቀል በደቡብ በአንድ ጊዜ ይታያሉ። አውሮፓ ያለ ሰው ይህን አያገኝም። በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናት ደግሞ በቀትር ፀሐይ ልክ አናት ላይ ስለምትሆን የቆመ እንጨት ጥላ ያጣል። ልጆች ይህን ይወዱታል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ከጅማ በከፊል የሚታይ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። በባዶ ዓይን፣ በተራ ጥቁር መነጽር ወይም በራጅ ፊልም እንዳያዩ አደራ። ለግርዶሽ የተሠራ መነጽር ካልተገኘ ካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጅታችሁ፣ ለፀሐይ ጀርባ ሰጥታችሁ፣ ብርሃኑ ነጭ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ተመልከቱ።